እርማቸውን ያላወጡ ጎረቤቶቻችን፦ በካናዳ ስለሚገደሉና ስለሚሰወሩ ነባር ተወላጅ ሴቶች

የወንዝ ዳሯ (ዊኒፔግ)
ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ይህን ክር የምከፍተው ትናንት ከልጄ ጋር በእግር ስንሄድ ለጠየቀችኝ ጥያቄ በቂ መልስ ስላጣሁ ነው። ሚያዝያ 27 ለእኛ የአርበኞች ድል በዓል ነው፤ አያቴ በዚያ ቀን ቡና አፍልታ የአባቷን ስም ትጠራ ነበር። በዊኒፔግ ግን ይኸው ቀን፣ በፈረንጆቹ ሜይ 5፣ በየዛፉና በየበረንዳው ባዶ ቀይ ቀሚሶች የሚሰቀሉበት ቀን ነው። ልጄ 12 ዓመቷ ነው። አንዱን ቀሚስ አይታ፣ «እማዬ፣ የዚህ ቀሚስ ባለቤት የት ሄደች?» አለችኝ። በዚህች ከተማ 11 ዓመት ኖሬ ለዚህ ጥያቄ የምመልሰው ሦስት ዓረፍተ ነገር አልሞላም።

ቀሚሶቹን መስቀል የጀመረችው ጄሚ ብላክ የምትባል የሜቲስ (ከነባር ሕዝቦችና ከአውሮፓውያን የተወለደ ሕዝብ) ተወላጅ አርቲስት ናት፤ ዘመኑ በፈረንጅ አቆጣጠር 2010 ነው (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። እያንዳንዱ ቀሚስ የተገደለች ወይም እንደወጣች የቀረች የካናዳ ነባር ሕዝቦች ልጅን ያስታውሳል፤ ነባር የምላቸው አውሮፓውያን ከመምጣታቸው በፊት የአገሩ ባለቤት የነበሩትንና ዘሮቻቸውን ነው። ቀይ የተመረጠውም መናፍስት የሚያዩት ብቸኛ ቀለም ነው ስለሚባል ነው።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ከተማዋ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት ስለ ነባር ሕዝቦች የተነገረኝ «ከእነሱ ራቂ» የሚል ምክር ነበር። የመከሩኝ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ድስትና ብርድ ልብስ የሰጡኝ፣ አውቶቡስ አያያዝ ያሳዩኝ የራሴ አገር ሰዎች ናቸው፤ እኔም ንቀቱን ከብርድ ልብሱ ጋር ተቀበልሁ። ለዓመታት መንገድ ላይ የተቀመጠች ሴት ሳይ ቦርሳዬን እጠብቅ ነበር እንጂ ይህች ሴት ምን ደርሶባት ይሆን ብዬ አስቤ አላውቅም።

የለወጠኝ የሌሊት ተራ ነው። በአረጋውያን መንከባከቢያ አብራኝ የምትሠራ ከነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የአኒሺናቤ ተወላጅ አለች። አክስቷ እሷ ሳትወለድ በፊት ከቤት ወጥታ አልተመለሰችም። በእነሱ ዘንድ የቅርብ ሰው የሞተበት ጸጉሩን ይቆርጣል። አያቷ ግን ጸጉራቸውን አልቆረጡም፤ ከቆረጡ ልጄ ሞታለች ማለት ይሆንብኛል ብለው እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ሳይቆርጡት ቀሩ። ይህን ስትነግረኝ አያቴ ለወንድሟ ጸጉሯን የተላጨችበት ቀን ትዝ አለኝ። እኛ መርዶ ሰምተን፣ ጮኸን፣ አስከሬኑን አፈር አልብሰን፣ እርማችንን አውጥተን ነው ወደ ኑሯችን የምንመለስ። እኚያ እናት እርማቸውን የሚያወጡበት ቀን ሳይመጣላቸው ሞቱ።

በዚሁ ከተማ የሆነውንም ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። በ2022 አንድ ሰው አራት የነባር ሕዝቦች ሴቶችን በመግደል ተከሰሰ፤ በ2024ም ጥፋተኛ ተባለ። ከአራቱ የሁለቱ፣ የሞርገን ሃሪስና የማርሴዲስ ማይራን አስከሬን ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የፕሬሪ ግሪን ቆሻሻ መጣያ ሳይኖር እንደማይቀር ቢታመንም፣ ፖሊስ በ2022 መጨረሻ ፍለጋው የሚቻል አይደለም አለ። ልጆቻቸውና እህቶቻቸው ድንኳን ተክለው፣ መንገድ ዘግተው፣ ኦታዋ ድረስ ሄደው ጮኹ። በ2023ቱ የማኒቶባ ምርጫ መጣያውን አለመቆፈር እንደ ጽኑ አቋም ተቆጥሮ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። በምርጫው ፈርስት ኔሽንስ ከሚባሉት ነባር ሕዝቦች ወገን የመጀመሪያው የክፍለ ሀገር መሪ የሆኑት ዋብ ኪኑ አሸነፉ፤ ፌደራሉና ክፍለ ሀገሩ እያንዳንዳቸው 20 ሚሊዮን ዶላር መደቡ፤ ቁፋሮው በ2024 መጨረሻ ተጀምሮ ጥቂት ወራት ሳይሞላ፣ በ2025 የካቲትና መጋቢት ላይ የሁለቱም አስከሬን ተገኘ። አይቻልም የተባለው ተቻለ ማለት ነው። ቆሼ በተደረመሰ ጊዜ አዲስ አበባ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ አስከሬን ለማውጣት ቀንና ሌሊት ሲቆፈር፣ ይቅር፣ ቆሻሻ ውስጥ ይቅሩ ያለ ሰው አልነበረም።

ጥያቄዬ ይህ ነው። እኛ በዚህ አገር የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስለዚህ ጉዳይ ምን እናውቃለን? ለልጆቻችንስ ምን እንንገራቸው?

---

ዘካልጋሪ
ሚያዝያ 28

እህቴ፣ የጻፉትን በአክብሮት አንብቤአለሁ። ሆኖም የማይዋጥልኝን ሳልናገር ብቀር ታማኝ አልሆንም። በአገራችን በጦርነቱ የተደፈሩትና የተገደሉት እህቶቻችን ገና ጠያቂ አላገኙም፤ የእኛው ቁስል ሳይደርቅ የሌላውን ሐዘን ተሸከሙ መባል ይከብዳል። ሁለተኛ፣ የፖሊስ ሪፖርት ገዳዮቹ በአብዛኛው ሟቾቹ የሚያውቋቸው ሰዎች ናቸው ይላል ሲባል ሰምቻለሁ። እንዲህ ከሆነ ጉዳዩ የቤት ውስጥ ጥቃት ነው፤ መንግሥትንና አላፊ አግዳሚውን የሚያስወቅስ አይመስለኝም። የተሳሳትሁ ከሆነ ታረሙኝ።

---

ኅሊና (ኤድመንተን)
ሚያዝያ 29

ወንድሜ ዘካልጋሪ፣ በግልጽ መጠየቅዎ መልካም ነው፤ ይህ ጥያቄ በብዙ ሰው ልብ አለና። እኔ በሶሻል ወርክ ተመርቄ ከነባር ሕዝቦች ቤተሰቦች ጋር እሠራለሁ።

የጠቀሱት ሪፖርት የካናዳ ፌደራል ፖሊስ በ2014 ያወጣው ነው። ከ1980 እስከ 2012 ባለው ጊዜ 1,017 የነባር ሕዝቦች ሴቶች እንደተገደሉ፣ ሌሎች 164 ደግሞ ጠፍተው እንደቀሩ ቆጥሯል፤ በድምሩ 1,181። ነባር ሴቶች ከአገሪቱ ሴቶች 4.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ ከተገደሉት ሴቶች ግን 16 በመቶ ነበሩ። ከዚያ ቀደም የነባር ሴቶች ማኅበር በራሱ ጥረት ቤተሰብ ለቤተሰብ ዞሮ እስከ 2010 ድረስ የ582 ሴቶችን ጉዳይ መዝግቦ ነበር። ከመንግሥት አስቀድመው ሟቾቹን የቆጠሩት እናቶችና እህቶች መሆናቸውን አይርሱብኝ።

«የሚያውቋቸው ሰዎች» የሚለውን በጥንቃቄ እንመልከተው። በዚያው ሪፖርት በባላቸው ወይም በቀድሞ ባላቸው የተገደሉት ከነባር ሴቶች 29 በመቶ ሲሆኑ፣ ከሌሎቹ ሴቶች 41 በመቶ ናቸው። በነባር ሴቶች ዘንድ የሚበዛው «ትውውቅ ያለው» የሚባለው ሰው ነው፤ ይህም ጎረቤትን፣ የሥራ ባልደረባን፣ አንድ ሁለት ቀን ያወቋትን ሁሉ ይይዛል። ስለዚህ ነገሩን የአንድ ጎጆ ጠብ አድርጎ መዝጋት ቁጥሩ ራሱ አይፈቅድም። ቢሆንስ? ባሏ የገደላት ሴት ፖሊስ አያስፈልጋትም የሚል ሕግ በየትኛው አገር አለ?

ስለ ፖሊስ ሁለት ታሪክ ብቻ ልንገርዎ። ሄለን ቤቲ ኦስቦርን የ19 ዓመት የክሪ ተወላጅ ነበረች። መንደሯ በቂ ትምህርት ቤት ስላልነበረው ለመማር ዘ ፓስ ወደምትባል የማኒቶባ ከተማ መጣች። በኅዳር 1971 ከመንገድ በመኪና ተወስዳ ተገደለች። አራት ነጮች ነበሩበት፤ ማን እንደሆኑም በከተማው ብዙ ሰው ያውቅ ነበር። አንዱ ብቻ የተፈረደበት በ1987፣ ከ16 ዓመት በኋላ ነው። ማኒቶባ ያቋቋመችው አጣሪ ኮሚሽን በ1991 ባወጣው ዘገባ ዘረኝነት ነገሩን ከመነሻው እስከ ዝምታው እንደሸፈነው በግልጽ ጻፈ።

ሁለተኛው የቫንኩቨር ነው። ዳውንታውን ኢስትሳይድ ከሚባለው የድሆች ሠፈር ሴቶች አንድ በአንድ ሲጠፉ ቤተሰቦች ለፖሊስ ያመለክታሉ፤ «ወደ ሌላ ከተማ ሄዳ ይሆናል»፣ «ሱሰኛ ናት፣ ትመለሳለች» ይባላሉ። በኋላ በአንድ የአሳማ እርባታ የ33 ሴቶች ቅሪት ወይም ዘረመል ተገኘ፤ ብዙዎቹ ነባር ተወላጆች ነበሩ። የእርባታው ባለቤት በ2007 የተፈረደበት በስድስቱ ግድያ ነው። በ2012 የወጣው የአጣሪ ኮሚሽን ዘገባ ፖሊስ ሴቶቹን ቸል ብሎ እንደተዋቸው አረጋገጠ። ገዳዩ አንድ ሰው ነው፤ ለዓመታት እንዲገድል ጊዜ የሰጠው ግን «ማን ይፈልጋታል» የሚለው አስተሳሰብ ነው።

ከዚህ በስተጀርባ ያለው ታሪክ ረጅም ነው፤ በአጭሩ ልለፈው። ከ150,000 በላይ ሕጻናት ከወላጆቻቸው ተነጥለው አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተዋል፤ የመጨረሻው የተዘጋው በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። እስከ 1985 ድረስ ደግሞ አንዲት የነባር ሕዝብ ሴት ሌላ ወገን ካገባች በሕግ የነባርነት መብቷን ታጣ ነበር፤ ወንዱ ግን አያጣም። ከመንደሯና ከዘመዶቿ በሕግ የተቆረጠች ሴት ክፉ ቀን ሲመጣ ወደ ማን ትሸሻለች?

የእኛን ቁስል ስላነሱት ደግሞ፣ የእኔም ቤተሰብ ከጦርነቱ አልተረፈም። ስለዚህ ይህ ነገር እንግዳ አይሆንብኝም፤ የእኛን ሴቶች ጩኸት ዓለም ችላ ሲለው ምን እንደተሰማኝ አውቃለሁና።

---

መንገደኛው (ሰሜን ቢሲ)
ሚያዝያ 30

እኔ የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ። በብሪቲሽ ኮሎምቢያ (ቢሲ) ክፍለ ሀገር ከፕሪንስ ጆርጅ እስከ ፕሪንስ ሩፐርት ያለውን 720 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሀይዌይ 16 የሚባለውን፣ ሰባት ዓመት ተመላልሼበታለሁ። ነባሮቹ ሕዝቦች የእንባ መንገድ ይሉታል። ፖሊስ በመንገዱና በአካባቢው ከ1969 እስከ 2006 የሞቱና የጠፉ 18 ሴቶችን ጉዳይ ባንድ ፋይል ይዟል፤ የአካባቢው ሰዎች ግን ቁጥሩ ከ40 ይበልጣል ይላሉ።

ይህን መንገድ ያላየ ሰው ሴቶቹ ለምን የሰው መኪና ለምነው ይሄዳሉ ብሎ ሊፈርድ ይችላል። እኔም ፈርጄ ነበር። መንደር ከመንደር እጅግ የተራራቀ ነው፤ መኪና ያለው ጥቂት ነው፤ ሐኪም ቤት፣ ፍርድ ቤትና ገበያ ያሉት ከተማ ነው፤ ስልክ ደግሞ በብዙ ቦታ አይሠራም። በ2006 ቤተሰቦችና መሪዎች ተሰብስበው 33 ምክረ ሐሳቦች ሲያወጡ አንዱ የማመላለሻ አውቶቡስ ነበር። በመንገዱ ላይ አውቶቡሱ የጀመረው በ2017 ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ! በ2018 ደግሞ ግሬይሃውንድ የተባለው የአውቶቡስ ኩባንያ ምዕራብ ካናዳን ጥሎ ወጣ። አንድ አውቶቡስ ስንት ልጅ ቤቷ ሊያደርስ ይችል እንደነበር እያሰብሁ ነድቻለሁ።

አሁን የሚከነክነኝን ልናገር። ከአራት ዓመት በፊት፣ በጥር ብርድ፣ ሊመሽ ሲል አንዲት ወጣት ልጅ እጇን ዘርግታ መንገድ ዳር ቆማ አየሁ። የምሠራበት ድርጅት ሰው መጫን ይከለክላል፤ በዚያም ላይ ጥቁር ሾፌር ሆኜ ሴት ልጅ ጭኜ ብገኝ ምን እባላለሁ ብዬ ፈራሁ። አለፍኋት። 40 ኪሎ ሜትር ከሄድሁ በኋላ ቆሜ ፖሊስ ጋ ደወልሁ፤ ያየሁበትንም ቦታ ተናገርሁ። ምን እንደደረሰች እስከ ዛሬ አላወቅሁም። በዚያ ወር የሚለጠፉትን የጠፉ ሰዎች ፎቶዎች አንድ በአንድ አይቻለሁ፤ እሷን አላገኘሁም፤ ፊቷን ግን በደንብ አለማየቴንም አውቃለሁ።

---

እመቤት (ሬጂና)
ግንቦት 1

ጋሼ መንገደኛው፣ መደወልዎ ራሱ ብዙ ሰው የማያደርገው ነው። ለሌላ ጊዜ ግን ይህን ይወቁ፤ በካናዳ ሰው ጠፋ ብሎ ለማመልከት 24 ሰዓት መጠበቅ አያስፈልግም፤ ይህ በፊልም የተወራ ነገር ነው። የሚያሰጋ ነገር ያየ በዚያው ደቂቃ 911 መደወል ይችላል።

እኔ በአንድ ሆቴል የክፍል ጽዳት ሠርቻለሁ፤ ስሙን አልጠራም። አንዲት ከ16 ዓመት የማትበልጥ ልጅ በተለያዩ ወንዶች ስም በተያዘ ክፍል ሦስት ቀን ቆየች። ፎጣ ስሰጣት ቀና ብላ አታየኝም ነበር። ለኃላፊዬ ስነግረው፣ «እነሱ እንዲሁ ናቸው፣ ተያቸው» አለኝ። ዝም አልሁ። ወረቀቴ ገና አላለቀልኝም ነበርና ሥራዬን ፈራሁ። ያ ልጅ ነጭ ብትሆን ኃላፊው እንዲህ ይመልስ ነበር ወይ ብዬ የጠየቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ስለ ነባር ተወላጇ ልጅ ስለ ቲና ፎንቴን የሰማሁትም በዚያ ሰሞን ነው። ዕድሜዋ 15 ነበር። አባቷ ተገድሎባት ከሐዘኗ ሳትወጣ ወደ ዊኒፔግ መጣች፤ የሕጻናት ድጋፍ መሥሪያ ቤትም ተረከባት። በነሐሴ 2014 ጠፍታለች ተብሎ ስሟ ተመዝግቦ ሳለ ፖሊሶች ከአንድ ሰው መኪና ውስጥ አግኝተዋት ተዋት፤ በዚያው ቀን ራሷን ስታ መንገድ ላይ ተገኝታ ሆስፒታል ገባች፤ ከሆስፒታል ወጥታ ሆቴል ተቀመጠች፤ ከሆቴሉ ወጥታ አልተመለሰችም። በፈረንጆቹ ኦገስት 17 አስከሬኗ ከሬድ ሪቨር ወንዝ ወጣ። የተከሰሰው ሰው በ2018 ነፃ ተባለ። ፖሊስ፣ ሐኪም፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ሁሉም አይተዋት ነበር፤ የያዛት ግን አልነበረም። ማኒቶባ ልጆችን በሆቴል ማኖር ያቆመችው ከእሷ ሞት በኋላ፣ በ2015 ነው። ስለ ተገደሉትና ስለ ጠፉት ነባር ሴቶች እንዲደረግ ተጠይቆ ለዓመታት እንቢ ሲባል የኖረው ብሔራዊ ምርመራም በ2016 እንዲጀመር ካደረጉት አንዱ የዚህች ልጅ ሞት ነው።

---

ዘካልጋሪ
ግንቦት 2

የጻፋችሁትን ሁለት ጊዜ አነበብሁ። «የቤት ውስጥ ጥቃት ነው» ያልሁትን መልሻለሁ፤ ኅሊና ስላረሙኝ አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። በ2019 የወጣው የብሔራዊ ምርመራው ዘገባ «ዘር ማጥፋት» የሚለውን ቃል ተጠቅሟል። እኛ ይህ ቃል በየሰበቡ ሲወረወር አይተን የተጎዳን ሕዝብ ነን። እውነት ተገቢ ነው?

---

ኅሊና (ኤድመንተን)
ግንቦት 2

ቃሉ በችኮላ የተጻፈ አይደለም። በሜሪየን ቡለር የተመሩት ኮሚሽነሮች ከ2,380 በላይ ሰዎች በተሳተፉበት ሥራ ላይ ተመሥርተው፣ የሕግ ትንታኔውን ለብቻው አትመው ነው ያወጡት። ያሉትም በአንድ ጊዜ በአንድ ትእዛዝ የተፈጸመ ጭፍጨፋ ነው አይደለም፤ በትውልዶች የተደራረበ የመንግሥት ድርጊትና ቸልተኝነት ውጤት ነው። በካናዳም በቃሉ ላይ ብዙ ተከራክረዋል። እኔ ቃሉን እቀበላለሁ፤ እርስዎ ባይቀበሉትም አልቀየምዎትም። የማዝነው ክርክሩ ቃሉ ላይ ቆሞ በዘገባው ያሉት 231 የፍትሕ ጥሪዎች ሳይነበቡ ሲቀሩ ነው።

እኛን በቀጥታ የሚመለከት ነገርም አለ። ከ2021 ወዲህ ዜግነት የወሰዳችሁ ሁሉ በመሐላችሁ ላይ የሦስቱን የነባር ሕዝቦች ወገኖች፣ የፈርስት ኔሽንስን፣ የኢኑዊትንና የሜቲስን መብትና ውል የሚጠቅስ ቃል ምላችኋል። እኔ ስምል እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ቃሉን አላስተዋልሁትም፤ ቤት ገብቼ ነው ያነበብሁት። እኛ ደግሞ መሐላን እናከብራለን፤ በሐሰት የማለ ይቀሰፋል ተብለን ያደግን ነን።

---

መንገደኛው (ሰሜን ቢሲ)
ግንቦት 3

በዚህ ጉዳይ የተጎዱ ቤተሰቦች ቀንና ሌሊት የሚደውሉበት ነፃ የስልክ መስመር እንዳለ ሰማሁ። ቁጥሩን የሚያውቅ ይጻፍልኝ፤ በመኪናዬ መስታወት ላይ ልለጥፈው እፈልጋለሁ።

---

ኅሊና (ኤድመንተን)
ግንቦት 3

1-844-413-6649 ነው። ሴት ልጅ ተገድዳ ስትሸጥ ወይም ስትዘዋወር ያየ ሰው ደግሞ 1-833-900-1010 ይደውል፤ እመቤት፣ ያ ሆቴል ያሉት ዓይነት ነገር ለዚህኛው ነው፤ ማንነትን ሳይገልጹ መናገር ይቻላል።

---

የወንዝ ዳሯ (ዊኒፔግ)
ግንቦት 4

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ መንገደኛው፣ የእርስዎን ጽሑፍ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብሁለት፤ እሱም ታክሲ ይነዳልና ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

ትናንት ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ነገሩን ለእድራችን ሴቶች አነሣሁ። አንዳንዶቹ ዘካልጋሪ መጀመሪያ ያሉትን አሉ። አንዲት እናት ግን፣ ልጃቸው በሊቢያ በረሃ አቋርጦ ወሬው የጠፋባቸው፣ ተነሥተው፣ «የእኔን ልጅ ማንም አልፈለገልኝም፤ እነዚህ እናቶች ሲሰለፉ እኔ አብሬ እሄዳለሁ» አሉ። ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም። በኦክቶበር 4 በየከተማው ለጠፉትና ለተገደሉት ሻማ የሚበራበት ምሽት አለ፤ ዳቦና ሻይ ይዘን ለመሄድ፣ ያውም አስቀድመን አዘጋጆቹን ምን ይጠቅማችኋል ብለን ጠይቀን፣ ተስማምተናል። ከአራቱ ሟቾች የአንዷ፣ የአሽሊ ሺንጉስ አስከሬን ደግሞ በሌላኛው፣ በብሬዲ ሮድ መጣያ እንዳለ እንደሚታመን በ2025 ተነግሯል። በማኒቶባ ይሞከራል የተባለው፣ የነባር ሕዝቦች ሴት ስትጠፋ በየስልኩ የሚላከው ቀይ ቀሚስ ማስጠንቀቂያም ይፋ የተደረገው በ2024 ነው፤ ስለ እሱ ለምክር ቤት ተወካያችን ደብዳቤ የሚጽፍ ሁለት ሰው መድበናል።

ልጄም በእኛ በረንዳ ቀይ ቀሚስ እንድንሰቅል ጠየቀችኝ። የእኛ ያልሆነውን ሐዘን ለታይታ የወሰድን እንዳይመስል ፈርቼ በሌሊት ተራችን ባልደረባዬን አማከርኋት። ትንሽ አሰበችና የአክስቷን ስም ነገረችኝ፤ እስከዚያ ቀን ነግራኝ አታውቅም ነበር። ስሙን ለልጄ ብቻ እንድነግራት ፈቀደችልኝ፤ እዚህም የማልጽፈው ለዚህ ነው። ከዚያ፣ «ስቀሉት፤ የእናንተ በረንዳ ነፋስ ይበዛበታልና በሁለት በኩል እሰሩት» አለችኝ።